ስላይድ ፊልም በቤት ማጠብ፦ የ38 ዲግሪ ጉዳይ

ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ ፊልም የሚታጠበው ፎቶ ቤት ነበር። ጥቅሉን ትሰጣላችሁ፣ ደረሰኝ ትቀበላላችሁ፣ በቀጠሮው ቀን ትመለሳላችሁ። ባለፈው መስከረም እናቴ እኔ ጋ ቶርንተን መጥታ ሳለች በአንድ ጥቅል ስላይድ ፊልም አነሳኋት። «ራሴ ቤት ውስጥ ነው የማጥበው» ስላት «ምነው ልጄ፣ ፎቶ ቤት አጣህ እንዴ?» አለችኝ። ዴንቨር አካባቢ ፎቶ ቤት አልጠፋም። ግን አሠራሩ ኮድ ለሚጽፍ ሰው ደስ የሚል ነገር አለው፤ እኔንም ያሳሳተኝ እሱው ነው።

በኔጋቲቭ ፊልም ላይ ምስሉ ተገልብጦ ነው የሚቀመጠው፤ ቀለሙ ቢበላሽ ሲታተም ወይም ስካን ሲደረግ ማረም ይቻላል። ስላይድ እንዲህ አይደለም። ካሜራው ውስጥ የነበረው ፊልም ራሱ የመጨረሻው ፎቶ ነው፣ ብርሃን ላይ ይዛችሁ ታዩታላችሁ። «አንዱ» የሚባል ቁልፍ የለውም።

ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት የቀለም ስላይድ ፊልሞች፣ ለምሳሌ የኮዳክ ኤክታክሮም ኢ100 እና የፉጂ ቬልቪያ፣ ኢ-6 በተባለው አሠራር ይታጠባሉ። የድሮው ኮዳክሮም ግን ለቤት የሚሆን አልነበረም። ቀለም የሚሠራው ኬሚካል ፊልሙ ውስጥ ሳይሆን ማጠቢያው ውስጥ ስለነበረ ትልቅ መሣሪያ ይፈልግ ነበር። የመጨረሻው አጣቢ እዚሁ ጎረቤታችን ካንዛስ፣ ፓርሰንስ ከተማ ያለው ድዌይንስ ፎቶ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ መቀበል አቆመ።

ወደ ኢ-6 እንመለስ። ፊልሙ ለሰማያዊ፣ ለአረንጓዴና ለቀይ ብርሃን የተዘጋጁ ሽፋኖች አሉት፣ በየሽፋኑም የብር ጨው ቅንጣቶች ተበትነዋል። የቤት ኪቱ ሦስት ፈሳሾች አሉት። የመጀመሪያው ዴቨሎፐር (ኬሚካሉን ነው፣ እናንተን አይደለም) ብርሃን የነካቸውን ቅንጣቶች ወደ ጥቁር ብር ይቀይራል። በዚህ ጊዜ ፊልሙ ላይ ያለው ተራ ጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ ነው። ብርሃን ያልነካቸው ቅንጣቶች ግን እንዳሉ ቀርተዋል፤ የምንፈልገው ፎቶ እነሱ ውስጥ ነው። ሁለተኛው፣ የቀለም ዴቨሎፐሩ፣ እነዚህን የተረፉትን በሙሉ ይቀይራቸዋል፣ በዚያውም በየሽፋኑ ቢጫ፣ ማጀንታና ሳያን ቀለም ይሠራል። ሦስተኛው ብሊክስ ይባላል፤ ብሩን በሙሉ ጠርጎ ቀለሙን ብቻ ያስቀራል።

አሁን ልብ በሉ፦ ሁለተኛው ፈሳሽ የሚሠራው የመጀመሪያው በተወው ላይ ነው። የመጀመሪያው ብዙ ከሠራ ትንሽ ይተርፋል፣ ስላይዱ ይገረጣል። ትንሽ ከሠራ ብዙ ይተርፋል፣ ስላይዱ ይጨልማል። ስለዚህ ሁሉም ነገር የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወይም ሰባት ደቂቃዎች ነው። ኮዳክ ለዚህ ደረጃ የሚፈቅደው 38 ዲግሪ፣ ሲበዛ 0.3 ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ነው።

እኔም እንደ ኢንጂነር አሰብኩ። ለሥጋ ማብሰያ የተሠራ የሱ ቪድ ማሞቂያ ባልዲ ውስጥ ከትቼ፣ ዲኤስ18ቢ20 የተባለውን ርካሽ የሙቀት ሴንሰር ከትንሽ ሰሌዳ ጋር አገናኘሁ፣ በአማርኛ የሚናገር ሰዓት ቆጣሪም ጻፍኩ። እጃችሁ ጓንት ውስጥ ሆኖ ስልክ መንካት ስለማይመች ድምፅ ያስፈልጋል። «ገልብጠው»፣ «ድፋው»፣ «ቀጣዩን ጨምር» የሚሉትን ቃላት የቀዳኋቸው በእናቴ ድምፅ ነው። ማሽን ድምፅ ቢሆን አልታዘዝም ነበር።

ይሄ ሴንሰር 0.0625 ዲግሪ ድረስ ለይቶ ያሳያል፣ ግን የአምራቹ ሰነድ የሚያረጋግጠው ትክክለኛነት 0.5 ዲግሪ ወደላይ ወይም ወደታች ነው። ብዙ አሃዝ ማሳየትና ትክክል መሆን ይለያያሉ። ስለዚህ ላስተካክለው ብዬ አንድ ጊዜ በበረዶ ውሃ፣ አንድ ጊዜ በሚፈላ ውሃ ለካሁና ኮዱ ላይ 0 እና 100 ብዬ ጻፍኩ።

ዴንቨር አካባቢ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እዚህ ውሃ የሚፈላው 95 ገደማ ላይ ነው። ኮዴ 95ን 100 ብሎ ስለቆጠረ፣ «38» ሲለኝ እውነተኛው ሙቀት 36 ነበር። የሙከራው ጥቅል ጨለማ ሆኖ ወጣ። ጎበዝ፣ የሚያሳፍረው እኔ ያደግኩት ውሃ 92 ገደማ ላይ በሚፈላበት አዲስ አበባ ነው፤ ትምህርት ቤት ግን «100» ብዬ ሸምድጄ አልፌያለሁ።

መፍትሔው መድኃኒት ቤት ይሸጣል። የትኩሳት ቴርሞሜትር በጣም ትክክል እንዲሆን የሚሠራው 37 እና 39 መካከል ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በ0.1 ዲግሪ ልዩነት። 38 ማለት ትኩሳት ነው! ሴንሰሩን ከእሱ ጎን ባልዲው ውስጥ አስገብቼ ልዩነቱን ኮዱ ላይ ቀነስኩ። አንድ ነጥብ፣ እሱም የምሠራበት ነጥብ።

የእናቴን ጥቅል ያጠብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ፊልሙን ታንኩ ውስጥ የማስገባቱ ሥራ በድቅድቅ ጨለማ ነው፤ ይሄ ፊልም ሁሉንም ቀለም ስለሚያይ ቀይ መብራትም አይሆንም። ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ ግን መብራት ማብራት ትችላላችሁ። ፈሳሹን ከመጨመር በፊት ታንኩን በ38 ዲግሪ ውሃ አሙቁት፣ ያለዚያ ቀዝቃዛው ፕላስቲክ ሙቀቱን ይሰርቃችኋል። ብሊክሱ ጋዝ ስለሚያወጣ ክዳኑን አልፎ አልፎ ከፈት አድርጉ። መስኮት ክፈቱ፣ ጓንት አድርጉ፣ ወጥ የምትሠሩበትን ዕቃ አትንኩ። ያገለገለው ብሊክስ ብር ስላለበት ወደ ቧንቧ አይደፋም፤ አደገኛ ቆሻሻ ለሚቀበል ቦታ ይሰጣል።

ሲወጣ ፊልሙ ወተት የተረጨበት ይመስል ነበር። ልቤ ቀጥ አለ። መታጠቢያ ቤት ሰቅዬው በቴሌግራም ለእናቴ አሳየኋት፣ «አበላሸኸው?» አለች። ኢ-6 ፊልም እርጥብ ሳለ እንዲህ ነው፣ ሲደርቅ ይጠራል። ከሁለት ሰዓት በኋላ የስልኬን ነጭ ስክሪን ከኋላው አድርጌ አየሁት፦ የሮኪ ተራራ ዛፎች ልክ እንደ አደይ አበባ ቢጫ ሆነው፣ እሷ ነጠላዋን ተከናንባ መሃል ቆማለች። ጥላው ትንሽ ሰማያዊ ነው፤ በከፍታ ቦታ አልትራቫዮሌት ስለሚበዛ ሌንሱ ላይ ስካይላይት ማጣሪያ ማድረግ ነበረብኝ።