ታላቁ ሩጫን በትንፋሽ መሮጥ

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በየዓመቱ ኅዳር ላይ በአዲስ አበባ የሚካሄድ የ10 ኪሎ ሜትር የጎዳና ውድድር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሮጠው በኅዳር 1994 ዓ.ም ሲሆን ከመሥራቾቹ ዋነኛው አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። በዚያ ዓመት 10,000 ሰው ተሳተፈ፤ በኋለኞቹ ዓመታት የተሳታፊው ቁጥር ከ40,000 አልፏል። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል በክለብ ታቅፈው ከፊት የሚሰለፉት አትሌቶች ጥቂት ናቸው። የቀረው ሳምንቱን ሙሉ ሥራው ላይ ውሎ ከሥራ በፊት ወይም በኋላ ባገኛት ጊዜ የሚሮጥ አማተር ነው። ዜናው ማን አንደኛ እንደወጣ ተናግሮ ያበቃል። የአማተሩ ውድድር ግን የራሱ ሥልትና ዕውቀት ያለው፣ ከሚሰጠው ግምት በላይ ክብር የሚገባው ነገር ነው።

መነሻውም መድረሻውም አብዛኛውን ጊዜ የቦሌ መንገድ የሚጀምርበት መስቀል አደባባይ ነው። በከተማዋ ግንባታ ምክንያት መስመሩ በየጊዜው ስለሚቀያየር አምና የሮጠ ሰውም የዘንድሮውን ካርታ ማየት አለበት። ተመዝጋቢው የሚሰጠውን ቲሸርት ለብሶ ይገኛል፤ ያለ ቲሸርት መሰለፍ አይቻልም። ጫማው አዲስ አይሁን፤ ቁርሱ ቀለል ያለና አስቀድሞ የተበላ ይሁን። ስለ ዝግጅቱ ይህን ያህል ማለት ይበቃል።

በአማተሮች ዘንድ ከሚነገረው ሁሉ እጅግ የተሳሳተው ስለ ከፍታ የሚነገረው ነው። «እኛ የደጋ ሰዎች ነን፤ ከፍታው ለእኛ ምንም አይደለም» ይባላል። አንዳንዱም ከፍታው ያግዘናል ብሎ ያምናል። ይህ እምነት በየዓመቱ ብዙ ሰው ገና ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ወገቡን ይዞ እንዲቆም ያደርገዋል።

በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ በየትኛውም ቦታ ያው ነው፤ 21 በመቶ ገደማ። ከቦታ ቦታ የሚለየው የአየሩ ግፊት ነው። መስቀል አደባባይ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ስለሚገኝ በዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሰው አካል ይህን ጉድለት በከፊል ያካክሳል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም።

በዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ ጥናት አለ። ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ሰብ ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በስሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ አማሮች የሄሞግሎቢን መጠናቸውም ሆነ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት በባሕር ወለል ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። ግኝቱ በእርግጥ የሚያስደንቅ ነው፤ የአንዲስና የቲቤት ደገኞች አካል ከፍታን የሚቋቋመው በሌላ መንገድ ነውና። ነገር ግን የተለካው ባረፈ ሰው ላይ ነው። ቁጭ ብሎ ደህና የሚተነፍስ ሰው አቀበት ላይ በሙሉ ኃይሉ ሲሮጥ ጡንቻው የሚጠይቀው ኦክስጅን ብዙ እጥፍ ያድጋል። አየሩ ደግሞ ያው የሳሳ አየር ነው።

ለዚህ ከሁሉ የበለጠው ማስረጃ ራሳቸው ታላላቆቹ አትሌቶች የሮጡባቸው ሰዓቶች ናቸው። ደሪባ መርጋ በኅዳር 1999 ዓ.ም ታላቁ ሩጫን ያሸነፈው በ28 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ነው። ይህ ሰዓት የውድድሩ ክብረ ወሰን ሆኖ ለረጅም ዓመታት ሳይሰበር ቆይቷል። ለአንድ ኪሎ ሜትር ሲካፈል ወደ 2 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ይጠጋል። ይኸው አትሌት ከሁለት ዓመት በኋላ ኒው ዴሊ ላይ ግማሽ ማራቶን በ59 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሮጠ፤ እዚያ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር የጨረሰው በ2 ደቂቃ ከ49 ሰከንድ ገደማ ነው። ኒው ዴሊ ከባሕር ወለል በላይ ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ከፍ ያለች ከተማ ናት። እንግዲህ አንድ ሰው፣ በኋላም በቦስተን ማራቶን ያሸነፈ ሰው፣ በቆላ ከ21 ኪሎ ሜትር በላይ የሮጠበት ፍጥነት አዲስ አበባ ላይ 10 ኪሎ ሜትር ከሮጠበት ፈጠን ያለ ነበር ማለት ነው። ቀነኒሳ በቀለ በ1997 ዓ.ም ብራስልስ ላይ የ10,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ያስመዘገበው በ26 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ መሆኑ ሲታሰብ ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል። የመም ሩጫና የጎዳና ሩጫ አንድ አይደሉም፤ የአዲስ አበባ አቀበትና ቁልቁለትም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ቢሆንም ከልዩነቱ ትልቅ ድርሻ የሚወስደው አየሩ ነው።

ከፍታ የሚጠቅመው በልምምድ ጊዜ ነው። በደጋ ለረጅም ጊዜ የሠራ ሰውነት ወደ ቆላ ወርዶ ሲወዳደር ጥቅሙን ያያል፤ አትሌቶቻችን ለንደንና በርሊን ላይ የሚያሸንፉትም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ውድድሩ ራሱ ደጋ ላይ ሲሆን ግን ከፍታው ከሁሉም ላይ እኩል ባይሆንም ከሁሉም ላይ ይወስዳል።

ለአማተሩ ይህ የሚያመጣው ለውጥ ቀላል አይደለም። ከኢንተርኔት የሚገኙት የልምምድ ሰንጠረዦች «10 ኪሎ ሜትር በ50 ደቂቃ ለመጨረስ በዚህ ፍጥነት ሩጥ» የሚሉት ዝቅተኛ ቦታ ላይ ለሚኖር ሰው ታስበው ነው። በዋሽንግተን ወይም በዱባይ በ50 ደቂቃ የሚጨርስ ኢትዮጵያዊ ለዕረፍት መጥቶ ቦሌ ዘመድ ቤት ባረፈ በሳምንቱ ሲሮጥ ሦስት አራት ደቂቃ ቢጨምር አቅሙ ወርዷል አይባልም። ሰዓቱን ሊደግም ሲታገል ግን ውድድሩን ያበላሻል። የእጅ ሰዓቱን ለመድረሻው ትቶ መንገዱ ላይ ትንፋሹን ቢያዳምጥ ይሻለዋል።

ትንፋሽን ማዳመጥ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ የሚለካው በንግግር ነው። እስከ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ድረስ ሯጩ አብሮት ለሚሮጠው ጓደኛ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራርጥ መናገር መቻል አለበት። ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ሁለት ሦስት ቃል ተናግሮ መተንፈስ ግድ ይሆናል፤ ይህ ተገቢ ነው። ከሰባተኛው በኋላ መናገር ያቆማል። በሁለተኛው ኪሎ ሜትር መናገር ያቃተው ሰው ወዲያውኑ ፍጥነቱን መቀነስ አለበት። በባሕር ጠረፍ ዝቅ ባለ ቦታ በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ፍጥነት ያበዛ ሯጭ ትንሽ ቀዝቀዝ ብሎ ሊያገግም ይችላል። 2,350 ሜትር ላይ ግን ያን የኦክስጅን ዕዳ እየሮጡ መክፈል እጅግ ከባድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ እስከ መጨረሻው ይከተላል።

ስለዚህ ከጠቅላላው 10 ኪሎ ሜትር ትልቁን ጥንቃቄ የሚሻው የመነሻው አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ሙዚቃው ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ሕዝቡ ይጨፍራል፤ ደም ይሞቃል። ሽጉጡ ሲተኮስ ከኋላ ያለው ሰው መራመድ ሳይጀምር ደቂቃዎች ያልፋሉ፤ ቦታ ሲከፈት ደግሞ የጠፋውን ጊዜ ለማካካስ ይፈተለካል። ያን ጊዜ የሚሠራው ስህተት ሁለት ነው። አንደኛው በሰው መካከል እየተጠማዘዙ መቅደም ነው። ይህ ጉልበት ይጨርሳል፤ ርቀትም ይጨምራል፤ ሌላውንም ያደናቅፋል። ሁለተኛው ለፎቶ ብሎ በመንገዱ መሐል ድንገት መቆም ነው። ፎቶ መነሳት ነውር የለበትም፤ የሚቆም ሰው ግን መጀመሪያ እጁን አንስቶ፣ ወደ ዳር ወጥቶ፣ ከዚያ ነው መቆም ያለበት። ቡድን ሆነው እጅ ለእጅ ተያይዘው መንገዱን የሚዘጉ ወጣቶችም ከኋላቸው የሚመጣውን ሰው ማሰብ አለባቸው። የውሃ ጠርሙስን ጠጥቶ ወደ ሯጮች እግር ሥር መወርወር ደግሞ ቁርጭምጭሚት ያስጠምዛል፤ ሊታገሡት የማይገባ ነገር ነው።

ልምምድን በተመለከተ የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል ለአማተር ሯጭ ከሚገመተው በላይ የተመቸ ነው። ብሪታንያዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪና ሯጭ ማይክል ክራውሊ ስለ ኢትዮጵያ ሯጮች ለማጥናት የመጣ ጊዜ የኖረው በኮተቤ በኩል ነበር። የሰንዳፋ መንገድ የብዙ ክለቦች የአስፋልት ልምምድ ቦታ ነው። ከየካ በላይ ያለው የባሕር ዛፍ ጫካ ለስላሳ መሬትና አቀበት ይሰጣል። ከመገናኛ በሲኤምሲ በኩል ወደ አያት የሚሄደው መንገድ የባቡር ሐዲዱን ተከትሎ ስለሚዘልቅ የማያውቀው ሰውም አይጠፋበትም። ገርጂና ቦሌ ውስጥ ለውስጥ ያሉት የኮብልስቶን መንገዶች ግን ለጉልበት አይመቹም፤ ለማሟሟቂያ ካልሆነ በስተቀር ቢቀሩ ይሻላል።

በዚህ አካባቢ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የወጣ አማተር ከአትሌቶቹ የሚማረው ትልቅ ነገር አለ፤ እሱም ዝግታቸው ነው። ከቱታቸው በላይ ጃኬት የደረቡ፣ ልብሳቸውን በፌስታል የያዙ ልጆች መንገድ ዳር የክለባቸውን ሰርቪስ ሲጠብቁ ይታያሉ። የቀላል ልምምድ ቀን ሲሆን ጫካ ውስጥ አንድ በአንድ ተሰልፈው በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ ይሮጣሉ። የኋለኛው የፊተኛው እግር የረገጠበትን እየረገጠ ይከተላል፤ ማንም አያለከልክም። አዲስ ጀማሪ እንኳ ለትንሽ ጊዜ አብሯቸው ሊሮጥ የሚችልበት ፍጥነት ነው። አማተሩ ግን አትሌትን የሚያስበው በቴሌቪዥን ባየው የመጨረሻ ዙር ስለሆነ በየቀኑ እስኪደክም ይሮጣል፤ በሦስተኛው ሳምንት ይታመማል ወይም ይሰለቻል። ሥራ ላለው ሰው በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን ይበቃል። ከእነዚህ አንዱ ብቻ ጠንከር ያለ ይሁን፤ የቀሩት እየተነጋገሩ የሚሮጡ ይሁኑ። ኮሮኮንች ሲገኝ ከአስፋልት ይመረጣል።

አስፋልቱን ያለ መኪና ማግኘት ለሚፈልግ በ2011 ዓ.ም የተጀመረው «መንገድ ለሰው» መልካም አጋጣሚ ፈጥሯል፤ ፕሮግራሙ በሚካሄድበት ቀን የተመረጡ ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ ክፍት ይሆናሉ። በሌላው ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ሮጦ መጨረስ ይመከራል፤ ከዚያ በኋላ በቦሌ መንገድ የሚሮጥ ሰው የታክሲውንና የአውቶቡሱን ጭስ ይስባል። ገና ሳይነጋ የሚወጣ ሰው ብቻውን ባይሆን ይመረጣል፤ በየሰፈሩ ያሉት ውሾች ጨለማ ላይ ይደፍራሉ። ውሻ ሲመጣ ሩጫውን አቁሞ መራመድ ነው፤ መሸሽ ያባብሰዋል።

በውድድሩ ቀን ማለዳ ብርዱ ይበረታል፤ ጥቂት ቆይቶ ፀሐዩ ይከራል። መነሻው ላይ እስኪደርሱ የሚደረብ አሮጌ ሹራብ ይዞ መሄድ፣ ኮፍያም አለመርሳት ነው። መንገዶች ስለሚዘጉ ከመነሻው አቅራቢያ ለሚመጣ ሰው በእግር መድረስ ይቀላል፤ መንገዱም ለማሟሟቂያ ያገለግላል።

መድረሻውን ያለፈ ሰው ወዲያውኑ አይቀመጥም፤ አሥር ደቂቃ ያህል ይራመዳል፤ ውሃ በትንሽ በትንሹ ይጠጣል፤ ከዚያ ሰውነቱን ያፍታታል። በማግሥቱ ጭናቸው የሚታመም ብዙ ናቸው፤ ይህ በተለይ ከቁልቁለቱ የመጣ ነው፤ በሦስት አራት ቀን ይለቃል። ከሳምንት በኋላ በዝግታ መመለስ ይቻላል። ቀጣይ ውድድር ለሚፈልግ ደግሞ፣ ለሴቶች በመጋቢት ላይ «ቅድሚያ ለሴቶች» የተባለው የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ አለ። አዘጋጁ ተቋም ሐዋሳ ላይም ግማሽ ማራቶንና ከእሱ ያጠረ ሩጫ ያካሂዳል። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ከአዲስ አበባ የሚሄድ ሯጭ 650 ሜትር ገደማ ወርዶ ይሮጣል ማለት ነው፤ ያው እግር ያለ ተጨማሪ ልምምድ ሲፈጥንም በራሱ ሰዓት ላይ ያየዋል።