ደም እንዴት ይቆማል?

ስናጭድ ማጭድ ጣታችንን ቢቆርጠን ደም ይፈሳል። ጥቂት ቆይቶ ግን ይቆማል። ማን አቆመው?

ደም የሚሄደው በደም ሥር ውስጥ ነው። የደም ሥር ሲቆረጥ ወዲያው ይኮማተራል። ቀዳዳው ይጠብባል፤ የሚፈሰውም ደም ይቀንሳል። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም።

በደማችን ውስጥ ፕላትሌት የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ነገሮች አሉ። በአንድ ጠብታ ደም ውስጥ በሚሊዮን ይቆጠራሉ። የሚሠሩት በአጥንታችን መቅኔ ውስጥ ነው። ዕድሜያቸው 10 ቀን ቢሆን ነው። ሌላ ጊዜ ዝም ብለው ከደሙ ጋር ይዞራሉ። የደም ሥር ሲቆረጥ ግን በቁስሉ ላይ ይጣበቃሉ፤ ሌሎቹንም ይጠራሉ። ልክ እንደ ደቦ ነው። ተሰብስበው የቀዳዳው ውታፍ ይሆናሉ። ቀጥሎ ከደሙ ውስጥ ቀጫጭን ክር ይወጣና ውታፉን ያስረዋል። ቤት ስንመርግ ጭዱ አይደል ጭቃውን የሚይዘው?

እንግዲህ እኛ ምን እናድርግ? ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ 10 ደቂቃ ያህል አጥብቀን እንጫነው። «ቆመ ወይ?» እያልን ጨርቁን አንግለጥ። በገለጥን ቁጥር ውታፉ ይነሳል። አፈርና እበት አናድርግበት፤ መንጋጋ ቆልፍ ያመጣል። ቡናውንም ለጀበናው እንተውለት።

ደሙ እየዘለለ ከወጣ ትልቅ የደም ሥር ተቆርጧል ማለት ነው። የደሙ ግፊት ውታፉን ጠርጎ ይወስደዋል። ቁስለኛውን ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ እናድርስ። በመንገድም ላይ እጃችንን ከቁስሉ አናንሳ።