የአሮጌ ፒካፕ እሳትና ካርቦራተር በኩንታል ስንት ብር ይበላል?

የዛሬው ዋጋ ጠዋት ተለጥፏል። ይሄኛው ሰንጠረዡ ላይ ስለማይታይ ወጪ ነው።

ከአርጆ ነቀምቴ እህል የምታመላልሱ ልጆች «በቆሎ ጨመረ ትለናለህ፣ እኛ እጅ ላይ ግን ምንም አይቀርም» እያላችሁ ትጽፉልኛላችሁ። እውነታችሁን ነው። እኔ የምለጥፈው የመጋዘን በር ዋጋ ነው። ከዚያ ላይ ትራንስፖርት ይቀነሳል፣ ከትራንስፖርቱ ደግሞ ትልቁ ቤንዚን ነው። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሳት ሲጀምር አዲስ አበባ ላይ ሊትሩ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። ታህሳስ 2017 መጨረሻ ላይ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። በሁለት ዓመት ተኩል ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። አዲስ መኪና እንግዛ እንዳትሉ ደግሞ ጥር 2016 ላይ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ ያለችውን አሮጌ ፒካፕ ማስተካከል የግድ ነው።

የምጽፈው በቤንዚን ለሚሄዱ የድሮ ፒካፖች ነው፤ 12 አር እና 18 አር ሞተር ያላቸው ሃይሉክሶች፣ የድሮ ፔጆዎችና መሰሎቻቸው። ናፍጣ መኪና ያላችሁ ካንዴላም ካርቦራተርም ስለሌላችሁ ይለፋችሁ።

👉 መጀመሪያ ሂሳቡ

አርጆ ነቀምቴ ደርሶ መልስ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ሳትስተካከል 15 ሊትር የምትጠጣ መኪና ተስተካክላ 13 ሊትር ጠጣች እንበል። ሊትሩን በ130 ብር እንያዘው (ማደያ ጠፍቶ በሃይላንድ የሚሸጠውን ከገዛችሁ ከዚህም ይበልጣል)። ልዩነቱ በአንድ ጉዞ 260 ብር ነው። 10 ኩንታል ከጫናችሁ በኩንታል 26 ብር ይሆናል። በሳምንት 3 ጊዜ ብትመላለሱ በ3 ወር ወደ 10 ሺህ ብር ይጠጋል።

ቡና ለሚጭን ይሄ በፈረሱላ 4 ብር ከ40 ሳንቲም ገደማ ስለሆነ ብዙም ላይሰማው ይችላል። ለበቆሎ ነጋዴ ግን በኩንታል 26 ብር አንዳንድ ሳምንት ሙሉ ትርፉ ነው። ቁጥሮቹን በራሳችሁ መኪና ተኩና አስሉት።

👉 የእኛ አገር መኪና ለምን ብዙ ትጠጣለች?

ካርቦራተር ቤንዚን የሚሰጠው በቀዳዳ ልክ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ አውቆ አይቀንስም። አርጆ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ከባህር ወለል ወደ 22 በመቶ ይሳሳል። ለባህር ወለል ተብሎ ከፋብሪካ የወጣ ካርቦራተር አርጆ ላይ ለአየሩ ከሚገባው ወደ 13 በመቶ የበለጠ ቤንዚን ያፈሳል። ያ ትርፍ ቤንዚን በደንብ አይቃጠልም። በማርሚታ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ካንዴላውን ያጠቁራል፣ ዘይቱንም ያቀጥናል።

ካንዴላ ፈታችሁ እዩ። ጫፉ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል። ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ነጭ ከሆነ ቤንዚኑ አንሷል፣ እሱ ደግሞ አደገኛ ነው።

👉 በቅድሚያ እሳቱ

ብዙ ሰው በቀጥታ ካርቦራተሩ ላይ ካቻቢቴ ይዞ ይወጣል። እሳቱ ደካማ ከሆነ ግን ካርቦራተር ማስተካከል ትርጉም የለውም፤ ምክንያቱም ያልተቃጠለውን ቤንዚን በዝቷል ብላችሁ ትቀንሱና መኪናው ጉልበት ያጣል። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ የአየር ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ የካንዴላ ገመድ፣ ከዚያ ፑንቲና።

ፑንቲና ማለት ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየተከፈተች እየተዘጋች ቦቢናው እሳት እንዲሰጥ የምታደርገው ትንሿ ብረት ናት። ክፍተቷ በእነዚህ ቶዮታዎች ላይ 0.45 ሚሊሜትር አካባቢ መሆን አለበት። እየሠራች ትቃጠላለች፣ ትበላለች፣ ክፍተቷም ይቀየራል። ክፍተቱ ሲቀየር እሳቱ የሚነሳበት ሰዓትም አብሮ ይዛነፋል። በየጊዜው ካልተስተካከለች ጭነት ላይ መኪናው ይደክማል።

ማሻሻያው ፑንቲናዋን አውጥቶ በቦታዋ በማግኔት የሚሠራ ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን ማስገባት ነው። የሚፋተግ ነገር ስለሌለው አይበላም፣ ሰዓቱም አይዛነፍም። ሦስት ነገር ግን ልብ በሉ፦

1. ቦቢናው ከአዲሱ ዕቃ ጋር መስማማት አለበት። የማይስማማ ቦቢና ዕቃውን ያቃጥለዋል። ሲገዙ አብሮ መጠየቅ ነው።
2. ሞተር ጠፍቶ ቁልፉን ክፍት አትተዉ። ሬዲዮ እየሰማችሁ ጭነት ስትጠብቁ ዕቃው ይግልና ይሞታል።
3. ፑንቲና ሲበላሽ መንገድ ላይ በብርጭቆ ወረቀት ጠርጋችሁ ቤት ትገባላችሁ። ኤሌክትሮኒኩ ከሞተ ግን በቃ ሞተ ነው። ስለዚህ የድሮዋን ፑንቲና ከነኮንደንሰሯ መኪና ውስጥ አስቀምጡ።

ዲስትሪቢዩተሩ ጎን ላይ ያለችውን በቀጭን ቱቦ የምትሠራ ላስቲክም አስፈትሹ። ቱቦውን በአፍ ስትስቡት አየር ካልያዘ ላስቲኳ ተቀዳለች፣ በሜዳ መንገድ ቤንዚን ታስጨርሳለች።

እሸት ቡና የምትጭኑ ደግሞ ይሄን ከነዳጅ በላይ ለዋጋ አስቡት። እሸት በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይቦካል። አንድ ምሽት መንገድ ላይ የቆመ ጭነት የታጠበ ቡና ዋጋ አያገኝም። የእሳት ብልሽት በፈረሱላ 4 ብር ሳይሆን ሙሉ ደረጃ ያስወርዳል።

👉 ቀጥሎ ካርቦራተሩ

እሳቱ ከተስተካከለ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት ሂዱበትና ፍጆታውን ለኩ። ሁለቱን በአንድ ቀን ካሠራችሁ የቱ እንደጠቀመ አታውቁም። አለካኩም ቀላል ነው፦ ፉል ሙሉ፣ ሂዱ፣ ተመልሳችሁ እዚያው ማደያ ፉል ሙሉ፣ የገባውን ሊትር ለኪሎ ሜትሩ አካፍሉ።

ካርቦራተር ሲጸዳ ቀዳዳዎቹን (ጄት የሚባሉትን) በሽቦ የሚጎረጉር ባለሙያ ካያችሁ አስቁሙት። ጄት ናስ ነው፤ በሽቦ ይሰፋል፤ ጸዳ ሲባል ፍጆታው ይጨምራል። በኮምፕረሰር አየር ነው የሚጸዳው።

ለከፍታው መፍትሔው ጠበብ ያለ ጄት ማስገባት ነው። ለምሳሌ ብዙ ሰው በሚቀይረው ዌበር 32/36 ካርቦራተር ላይ 140 የሚል ጄት ማለት 1.40 ሚሊሜትር ነው። እሱን በ135 ብትቀይሩት ቤንዚኑ ወደ 7 በመቶ ይቀንሳል።

«13 በመቶ ይበዛል ካልክ ለምን 13 አንቀንስም?» ትሉ ይሆናል። ምክንያቱም ደደሳ አለ። ከአርጆ ወደ ደደሳ ሸለቆ ስትወርዱ ከፍታው ወደ 1,350 ሜትር ይደርሳል፣ አየሩ ይወፍራል። ለአርጆ ልክ የተቆረጠ ካርቦራተር እዚያ ቤንዚን ወደ 6 በመቶ ያንሰዋል። ሙቀት ላይ፣ 10 ኩንታል ጭኖ ዳገቱን ሲመለስ ቫልቭና ፒስተን የሚቃጠለው እንዲህ ነው። ስለዚህ ለዝቅተኛው መንገዳችሁ ማስተካከል ነው። አርጆ ላይ ትንሽ ታባክናላችሁ፣ ሞተራችሁ ግን ይተርፋል። ከአርጆና ከነቀምቴ ወደ ቆላ የማትወርዱ ከሆነ ትንሽ ተጨማሪ መቀነስ ይቻላል፤ ካንዴላውን እያያችሁ።

ጓርኒሲዮንና ላስቲኮቹን ስትገዙ አልኮል የሚችል መሆኑን ጠይቁ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከስኳር ፋብሪካዎች፣ ከእኛው ፊንጫም ጭምር፣ የሚወጣ ኢታኖል አዲስ አበባ ላይ ከቤንዚን ጋር 5 በመቶ፣ ኋላም 10 በመቶ ይቀላቀል ነበር። የድሮ ላስቲክ ኢታኖልን አይችልም። በሃይላንድ የምትገዙ ደግሞ ውስጡ የሚታይ የቤንዚን ፊልትሮ አስገቡ፤ ውሃ ከገባበት ካርቦራተሩ ሳይደርስ ታዩታላችሁ።

👉 መቼ ነው የማያዋጣው?

ሞተሩ ዘይት እየበላ ሰማያዊ ጭስ የሚያወጣ ከሆነ ብራችሁን እሳትና ካርቦራተር ላይ አታፍስሱ። መጀመሪያ ኮምፕረሽን አስለኩ። በሳምንት አንዴ ብቻ የምትጭኑም ከሆነ ፑንቲናዋን አስተካክሎ ካንዴላ መቀየር ይበቃችኋል።

ምርት ሳይገባ በፊት ያለው ጊዜ ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው። ጭነት ከመነጋገራችሁ በፊት መኪናችሁ በኩንታል ስንት እንደምትበላ እወቁ። ያን ቁጥር ያላወቀ ሰው፣ ዋጋ ቢጨምርም ለሌላ ሰው ነው የሚጨምርለት።

የለካችሁትን ፍጆታ ከነመንገዱ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ ለሌላውም ይጠቅማል። የነገው ዋጋ እንደተለመደው ጠዋት ይለጠፋል። መልካም ገበያ!