የዱባ ሐረግ ሲጠወልግ

የኪያር፣ የሜሎንና የዱባ አጠውልግ በባክቴሪያ የሚመጣ፣ በጥንዚዛ የሚዛመት በሽታ ነው። መንስኤውን በ1895 እ.ኤ.አ. የገለጸው አሜሪካዊው ኧርዊን ስሚዝ ሲሆን፣ ኧርዊኒያ የሚባለው የባክቴሪያ ወገንም በእሱ ስም ተጠርቷል። የበሽታው ዋና አገር የሰሜን አሜሪካ ምሥራቅና መካከለኛ ክፍል ነው፤ ተሸካሚዎቹ ባለ መስመርና ባለ ነጥብ የኪያር ጥንዚዛዎችም የዚያው አህጉር ናቸው። በመተከል ዞን ማንቡክ ላይ ለሚሠራ የሰብል ባለሙያ ጉዳዩ የሚጠቅመው በሌላ ምክንያት ነው። የመከላከያው ምክር ሁሉ የተቀዳው ከእነዚህ ጥንዚዛዎች ጠባይ ነው፤ ጥንዚዛዎቹ በሌሉበት ማሳ ምክሩን እንዳለ መገልበጥ ገንዘብም ንብም ይፈጃል።

ጥንዚዛው የታመመ ቅጠል ሲበላ ባክቴሪያው ሆዱ ውስጥ ይገባል። ወደ ጤነኛው ተክል አልፎ እየበላ እዚያው ይጸዳዳል፤ ከኩሱ ጋር የወጣው ባክቴሪያ ገና ባልደረቀው ቁስል በኩል ይሰርጋል። አበባ ውስጥ ወለላ በሚመነጭበት በኩልም መግባት ይችላል። ውሃ መተላለፊያው ውስጥ ሲራባ መንገዱን ይደፍነዋል። በመጀመሪያ አንድ ቅጠል ይጠወልጋል፣ ቀጥሎ ሐረጉ፣ በመጨረሻ ተክሉ በሙሉ። ከዚያ በኋላ መድኃኒት የለውም። ሜሎንና ኪያር ቶሎ ይወድቃሉ፤ ዱባና ዝኩኒ የተሻለ ይቋቋማሉ፤ ሐብሐብን ከሞላ ጎደል አይነካውም።

እንግዲህ ሥራው ሁሉ ጥንዚዛው ቡቃያው ላይ እንዳያርፍ ማድረግ ነው። ቡቃያ ሳለ የተበከለ ተክል ፈጥኖ ስለሚሞት፣ ጥበቃው የሚያዋጣው ከብቅለት እስከ አበባ ባሉት ሳምንታት ነው። አሜሪካ ውስጥ ተክሉን በስስ ጨርቅ ይሸፍኑታል፤ ሴቴዎቹ አበቦች ሲከፈቱ ግን ጨርቁ ይነሳል፤ ንብ ካልገባች ፍሬ የለም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነሳ አይታለፍም፦ ማንቡክ የወባ አገር ነው፤ የአልጋ አጎበር ከሰው ላይ ተነስቶ ቡቃያ ላይ አይዘረጋም። የሚረጭ ጸረ ተባይም ቢሆን ጊዜው ይለያል። የዱባ አበባ ጠዋት ተከፍቶ ከሰዓት በፊት ስለሚዘጋ፣ መርጨት ግድ ከሆነ አመሻሽ ላይ ነው። ቀፎ በሞላበት በመተከል ጠዋት መርጫ አዝሎ ዱባ መሐል መግባት የጎረቤትን ማር መርጨት ነው።

ክረምቱ ሲገባ ከማሽላው መሐል ወይም ከቤቱ ጓሮ የሚበቅለው ዱባና ቅል ለጉሙዝ ቤተሰብ ምግብም ዕቃም ነው። ወደ አሶሳ ሲኬድ ደግሞ ቅል ዋዛ የሚባለው የበርታ መለከት ይሆናል። የእነዚህ ሐረጎች መጠውለግ የጥንዚዛ ባክቴሪያ ነው ተብሎ ከመደምደሙ በፊት ሐረጉ ራሱ መጠየቅ አለበት። ግንዱ ይቆረጣል፣ ሁለቱ ጫፎች ለአፍታ ተጋጥመው በቀስታ ይለያያሉ፤ ክር የመሰለ ዝልግልግ ከተሳበ ባክቴሪያ ያስጠረጥራል። ክር ባለመሳቡ ብቻ ግን ነጻ ነው አይባልም። ግንዱ ሲሰነጠቅ የውሃ መተላለፊያው ቡናማ ከሆነ ፉሳሪየም የሚባለው ሻጋታ ይጠረጠራል። ተክሉ ተነቅሎ ሥሩ ላይ እባጭ ከታየ ኔማቶድ የሚባለው ደቃቅ የአፈር ትል ነው። ግንዱ ከተቦረቦረና ፍቅፋቂ ከወጣበት ውስጡ ትል አለ። ይህ ሁሉ ቢላና ጥቂት ደቂቃ እንጂ ቤተ ሙከራ አይፈልግም፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ የሚቀድመው መርጫው ነው።

ቅጠሉ ላይ የሚታየው ጥንዚዛም አንድ ዓይነት አይደለም። ኤፒላክና የሚባለው ባለ ነጥብ ጥንዚዛ ቅጠሉን ወንፊት አድርጎ ይተወዋል፤ ጉዳቱ እሱ ነው። በእንግሊዝኛ የኢትዮጵያ የፍራፍሬ ዝንብ የሚባለው ደግሞ ለጋው ፍሬ ውስጥ እንቁላሉን ይጥላል፤ በተወጋው ቀዳዳ የሚገባው ባክቴሪያና ሻጋታ ፍሬውን ያበሰብሰዋል። ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው የተወጋውን ፍሬ ለቅሞ አርቆ መቅበር ነው። ማሳው ዳር ከተጣለ ዝንቡ እዚያው ተፈልፍሎ ይመለሳል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ነፍሳት የሚያዛምቱት የሰብል ባክቴሪያ በደንብ የሚታወቀው በሙዝ ነው። የእንሰት አጠውልግን ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 እ.ኤ.አ. ገለጹት፤ በ1974 ያው ባክቴሪያ ሙዝን እንደሚያጠቃ አስታወቁ፤ በ2001 ኡጋንዳ ተገኘ። እንሰት አብዛኛውን ጊዜ ሳያብብ ስለሚቆረጥ በሽታውን ከተክል ተክል የሚያዞረው በዋናነት ቢላ ነው፤ ስለዚህ መከላከያው ቢላን በእሳት መለብለብ ነው። ሙዝ ግን ያብባል። የወንዴው እምቡጥ ቅጠሎቹን ሲያረግፍ የሚቀረው ቁስል ፈሳሽ ያወጣል፣ ንብና ዝንብ እየተመላለሱ ባክቴሪያውን ከአንዱ ወደ ሌላው ያደርሳሉ። በቆላ ይህ መንገድ ከደጋው ይበረታል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ የመጨረሻው የፍሬ ዘለላ እንደወጣ እምቡጡን ባላ ባለው እንጨት ጠምዝዞ መስበር። ቢላ አይነካውም፤ ንቧም አትሞትም። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ከከምባታና ከሐዲያ መጥተው እዚሁ መተከል ውስጥ ፓዌ የሰፈሩ ቤተሰቦች የቢላውን ነገር ከእንሰት አገር ያውቁታል፤ የእምቡጡ ግን ለብቻው መነገር አለበት።

ሰሊጥ ላይ አበባው ወደ ቅጠልነት ሲለወጥ የሚታየው በሽታም ከዚሁ ወገን ነው። መንስኤው ፋይቶፕላዝማ፣ ማለትም የሕዋስ ግድግዳ የሌለው ባክቴሪያ ሲሆን፣ የሚያዛምቱት ጭማቂ መጣጭ ቅጠል ዘላዮች ናቸው። የታመመው ተክል በጊዜ ይነቀላል።

ለሚቀጥለው ዓመት የሚቀመጠውን የዱባ ዘር በተመለከተ፣ የጥንዚዛው ባክቴሪያ በዘር አይተላለፍም፤ በደረቀ ቅሪት ውስጥም ብዙ አይቆይም። ፉሳሪየም ግን አፈር ውስጥ ለዓመታት ይኖራል፣ አንዳንድ ዓይነቱም ከዘር ጋር ይሄዳል። ሐረጉ ቡናማ መተላለፊያ ካሳየ ከዚያ ተክል ዘር አይወሰድም፣ ቦታውም ለጥቂት ዓመታት ለማሽላ ወይም ለዳጉሳ ይለቀቃል።