ቪክስ፦ የጃፓን መንገዶች ዜና አድራሽ

በአገር አቋራጭ መንገድ የነዳ ሰው ያውቀዋል፤ ከፊት የሚመጣ ሾፌር መብራቱን ብልጭ ካደረገ ወደፊት አንድ ነገር አለ። ትራፊክ ፖሊስ ይሁን የተገለበጠ መኪና ግን ደርሶ እስኪያየው አያውቅም። ጃፓን እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1996 ሥራ ያስጀመረችው ቪክስ የተባለው የመንገድ መረጃ ሥርዓት የሚያደርሰው ዜና ቦታና መጠን አለው፦ መጨናነቁ ከየት እስከ የት ነው? ለማለፍ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? በአደጋ ወይም በጥገና የተዘጋው የትኛው መንገድ ነው? መረጃው በየ5 ደቂቃው ይታደሳል፤ ሌትም ቀንም አይቋረጥም።

ምንጩ ከመንገዱ በላይ ተሰቅሏል። በጃፓን ከተሞች በአስፋልቱ አናት ላይ በተዘረጉ ክንዶች ቁልቁል ያቀረቀሩ ትንንሽ መሣሪያዎች አሉ። የሰው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ታች ይለቁና ነጥሮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይለካሉ። ከሥር መኪና ካለ ድምፁ አስፋልቱን ሳይነካ ከጣሪያው ላይ ስለሚመለስ ጊዜው ያጥራል። በዚህና በሌሎች መንገዶች የተገኘው መረጃ ከየአካባቢው ፖሊስና ከመንገድ አስተዳዳሪዎች ወደ አንድ ማዕከል ይሰበሰባል፤ የቪክስ ማዕከል ደግሞ ተቀብሎ መኪና ውስጥ ያለው ስክሪን እንዲያነበው አድርጎ ያሰናዳዋል።

ሲጀመር መረጃው ወደ መኪናው የሚደርሰው በሦስት መንገድ ነበር፦ ሙዚቃና ዜና በሚያሰማው የኤፍ ኤም ስርጭት ላይ ተደርቦ፣ በከተማ ጎዳናዎች ላይ በተተከሉ የኢንፍራሬድ አስተላላፊዎች፣ እንዲሁም በፈጣን መንገዶች ዳር በቆሙ የሬዲዮ አስተላላፊዎች። ወርሃዊ ክፍያ የለም፤ ወጪው መሣሪያው ሲገዛ ከዋጋው ጋር ተካቷል። እኔን ከቴክኒኩ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ከጀርባው ያለው ስምምነት ነው። ፖሊስ፣ የኮንስትራክሽን ሚኒስቴርና የፖስታና ቴሌኮሙኒኬሽን ሚኒስቴር የየራሳቸው ሥልጣን ያላቸው መሥሪያ ቤቶች ነበሩ። የያዙትን አዋጥተው ለማንም ሾፌር ባይሰጡ ኖሮ መሣሪያው ብቻውን ዋጋ አልነበረውም።

ስክሪኑ ላይ የተጨናነቀው መንገድ ቀይ፣ ዘገም የሚለው ብርቱካናማ፣ የተለቀቀው አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። መለኪያው እንደ መንገዱ ይለያያል። በተራ ጎዳና ላይ ቀይ የሚሆነው ፍጥነቱ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በታች ሲወርድ ነው፤ ከተማ ከከተማ በሚያገናኝ ፈጣን መንገድ ላይ ግን 40 ኪሎ ሜትርም ቀይ ነው። አንዳች ቀለም ያልተቀባ መንገድም አለ። ይህ ሾፌር ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው፦ ቀለም አልባው መንገድ መረጃ ያልተገኘበት እንጂ የግድ ነጻ የሆነ መንገድ አይደለም። «አላውቅም» እና «ሰላም ነው» ከተምታቱ መረጃው ራሱ አሳሳች ይሆናል።

እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2011 በመሬት መንቀጥቀጥና በሱናሚ የቶሆኩ ጠረፍ ሲወድም ይህ ልዩነት የነፍስ ጉዳይ ሆነ። እርዳታ የጫኑ መኪናዎች በየት በኩል ይግቡ? ሆንዳ የእሱን የመንገድ ጠቋሚ የጫኑ መኪናዎች ከሚልኩት የጉዞ መረጃ ተነስቶ በማግስቱ መኪና ያለፈባቸውን መንገዶች በካርታ ይፋ አደረገ። ማርች 19 ደግሞ አይ ቲ ኤስ ጃፓን የተባለው ድርጅት የሆንዳን፣ የቶዮታን፣ የኒሳንንና የፓዮኒርን መረጃ በአንድ ካርታ አዋሕዶ አወጣ። በገበያ የሚፎካከሩ ኩባንያዎች ናቸው፤ የደንበኞቻቸውን ዱካ፣ የማን እንደሆነ ሳይገለጥ፣ ለሕዝብ ሰጡ። ትላንት መኪና ካለፈበት፣ ቢያንስ በዚያ ሰዓት መንገዱ ያሳልፍ ነበር ማለት ነው። ካርታው ዛሬም ለማለፉ ዋስትና እንደማይሰጥ አብሮ ያስጠነቅቅ ነበር። ዱካ የሌለበት መንገድ ደግሞ ፈርሶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደህና ሆኖ ማንም አልሄደበትም ይሆናል።

ቪክስም ወደዚሁ አቅጣጫ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2015 በተጀመረው ቪክስ ዋይድ በቶኪዮ ታክሲዎች የሚልኩት የጉዞ መረጃ ተጨመረ፤ መሣሪያ ያልተሰቀለባቸው ጎዳናዎችም ቀለም አገኙ። በሰዓት 50 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ዝናብ የሚወርድባቸው አካባቢዎችም በካርታው ላይ መታየት ጀመሩ። ጭማሪውን ለማንበብ አዲስ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ የድሮው ግን የድሮውን የኤፍ ኤም መረጃ መቀበሉን አላቋረጠም። በፈጣን መንገዶች ዳር የነበሩት የመጀመሪያዎቹ የሬዲዮ አስተላላፊዎች ዕድል ከዚህ ይለያል፤ በ2022 ተዘግተው ቦታቸውን፣ የመንገድ ክፍያንም መረጃንም ለሚያስተናግደው ኢ ቲ ሲ 2.0 ለቀዋል።