ጫጩቱ የሚያድግበት ዳር

የእስቴዋ ከተማ መካነ ኢየሱስ ሐይቅ የላትም፤ ከባሕርም እጅግ ትርቃለች። ይሁን እንጂ የእስቴ መሬት ከፊሉ የክረምት ጎርፉን የሚሰደው ወደ ጉማራ ወንዝ ነው። ጉማራም ከጉና ተራራ ተነሥቶ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ጣና ሐይቅ ይገባል። ስለዚህ የዓሣ ነገር ለእስቴ ሰው ባዕድ አይደለም።

በውቅያኖስ ብዙ ዓይነት ዓሦች ዕድሜያቸውን በጥልቁ ቢያሳልፉም ጫጩቶቻቸው የሚያድጉት ማንግሮቭ የሚባለው የጠረፍ ዛፍና የባሕር ሣር በሞላበት ዳር ነው። ውኃው ጥልቀት ስለሌለው ፀሐይ ወለሉ ድረስ ይገባል፣ ምግብም ይበዛል። ትልቁ አዳኝ ደግሞ በሥሮቹ መካከል እንደ ልቡ አይመላለስም።

ጣና ራሱ ጥልቅ አይደለም፤ አማካዩ 8 ሜትር፣ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። ቢሆንም ደንገልና ፊላ የበቀለበት ዳሩ ከመካከሉ ይለያል። ቆረሶ የምትራባው እዚያ ነው፤ እናቲቱ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች። አምባዛም ፎገራ በክረምት ሲጥለቀለቅ ሣሩ መካከል ገብቶ እንቁላሉን ይጥላል።

ነጭ ዓሣ የሚሉት የባርበስ ወገን መንገዱ ይረዝማል። በጣና ብቻ የሚገኙ 15 ያህል ዝርያዎች ሲኖሩት፣ ቢያንስ ሰባቱ ክረምት ሲገባ እንደ ጉማራ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ላይ ይጥላሉ። በጠጠሩ መካከል የሚፈሰው ውኃ ለእንቁላሉ አየር ያቀብላል፤ ደለል ከተኛበት ግን ይታፈናል። ከላይ ታጥቦ የሚወርደው የእርሻ አፈር የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። የተፈለፈለው ጫጩት በወንዙ ኩሬዎች ቆይቶ ወደ ሐይቁ ዳር ይወርዳል።

ችግሩ ይህን ጉዞ አጥማጁም ማወቁ ነው። መረብ በወንዞቹ አፍ ይዘረጋል፤ ሽቅብ ሲኬድ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውኃው ውስጥ ይበተናል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ወንዝ የሚወጡት ባርበሶች በሦስት አራተኛ ገደማ ሲቀንሱ፣ የጫጩቶቹ ቁጥር በ90 በመቶ ወርዷል። ትልቁ መቀነሱን ገበያ ላይ ማየት ይቻላል፤ የጫጩቱን ግን ገበያ አያሳየውም፤ ለእኔ ከሁሉ የሚያስፈራው እሱ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2011 ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው አረም ወደ ጣና መጥቷል። ተክል ከሆነ ለጫጩት መሸሸጊያ አይሆንም ወይ የሚል ይኖራል። እምቦጭ ሲሳሳ ጥቂት ይጠቅም ይሆናል፤ ጥቅጥቅ ብሎ ሲተኛ ግን ብርሃኑን ይጋርዳል፣ ከሥሩ ያለው ውኃም አየር ያጥረዋል።