የባሕሩ ወጪ ጉምሩክ ላይ ሲባዛ

«ቀይ ባሕር ታውኳል፤ መርከብ ዘግይቷል።» የቀጨኔ ሸማኔ ለጥለት የሚገዛው ከውጭ የሚገባ ባለቀለም ክር በተወደደ ቁጥር ከነጋዴው የሚሰማው መልስ ይህ ነው። አፈሯን ከቅርብ የምታገኘው ሸክላ ሠሪ ጎረቤቱ እንኳ ለቤቷ ዘይትና ሳሙና ስትገዛ ያንኑ ትሰማለች። መልሱ እውነትነት አለው፤ ከታሪኩ ግን ግማሹን ብቻ ይነግረናል።

በባሕሩ ግማሽ እንጀምር። የየመን ሁቲዎች ኅዳር 2016 ዓ.ም. በንግድ መርከቦች ላይ ጥቃት ከጀመሩ በኋላ፣ ትልልቆቹ የመርከብ ኩባንያዎች የስዌዝን መስመር ትተው ደቡብ አፍሪካን መዞር ያዙ። በእስያና በአውሮፓ መካከል ያለው ጉዞ ከ10 እስከ 14 ቀን ያህል ረዘመ። ጅቡቲ ግን ከባብ ኤል መንደብ የባሕር መተላለፊያ በስተደቡብ ናት፤ ከቻይናና ከህንድ የሚመጣልን ዕቃ ያንን መተላለፊያ ሳያቋርጥ ሊደርስ ይችላል። ታዲያ ለእኛ ለምን ተወደደ? መርከብና ኮንቴይነር ዓለም በጋራ የሚጠቀምባቸው ስለሆኑ ነው። መርከቦች በረጅሙ ጉዞ ሲያዙ ለሌላው መስመር የሚተርፈው ያንሳል፤ ባዶ ኮንቴይነርም ወደ ጫኙ ዘግይቶ ይመለሳል። በአካባቢው ለሚያልፍ መርከብ የሚከፈለው የጦርነት ሥጋት ኢንሹራንስም ይንራል። መጋቢት 2013 ዓ.ም. ኤቨር ጊቨን የተባለች አንዲት መርከብ ስዌዝን ለስድስት ቀን ስትዘጋ ዓለም ይህንኑ የመርከብና የኮንቴይነር መዘግየት አይቷል።

ሁለተኛው ግማሽ ብዙም አይነሳም። በእኔ እምነት ግን የዋጋውን ንረት ከምንም በላይ የሚያባብሰው እሱ ነው። በእኛ የጉምሩክ ሕግ ቀረጥ የሚሰላው ዕቃው በተገዛበት ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም፤ የማጓጓዣና የኢንሹራንስ ወጪው ተደምሮበት ነው። ስለዚህ ባሕር ላይ የተጨመረው ወጪ ራሱ ይቀረጣል።

ቀረጡ 20 በመቶ የሆነ ያለቀለት ዕቃ እንውሰድ። የመርከብ ኪራዩ በ1,000 ዶላር ቢጨምር፣ በዚያ ጭማሪ ላይ ቀረጡ፣ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶው ሱር ታክስ ተደራርበው ሌላ 500 ዶላር ገደማ ያስከፍላሉ። የነጋዴው ትርፍ ደግሞ በድምሩ ላይ ይታሰባል። ታክስ ተመዝጋቢ የሆነ አስመጪ የተጨማሪ እሴት ታክሱን ያቀናንሳል፤ የመጨረሻው ገዢ ግን የሚያቀናንስበት መንገድ የለውም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ጫናው ከበደ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በዶላር የሚከፈለው የመርከብ ኪራይ በብር ሲመነዘር አበጠ፤ ግብሩም አብሮት አበጠ። ገዢው ለአንድ መስተጓጎል ሦስት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው፤ ለመርከቡ፣ ለምንዛሪው፣ ለግብሩ።

መንግሥት ከገቢ ዕቃ የሚሰበስበው ግብር የበጀቱ ትልቅ ምሰሶ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በአንድ ጊዜ ይቅር ማለትም አይቻልም። ሆኖም በባሕር ቀውስ ምክንያት የመጣ የግብር ጭማሪ አገር ያፈራው ገቢ አይደለም። ደቡብ አፍሪካና አሜሪካ ቀረጥ የሚያሰሉት ዕቃው ከላኪው አገር ሲጫን በነበረው ዋጋ ላይ ነው። እኛ እስከዚያ መሄድ ቢያቅተን እንኳ፣ ቀውስ ባለበት ጊዜ ለግብር የሚታሰበውን የማጓጓዣ ወጪ በቀድሞው አማካይ ላይ መገደብ ይቻላል።

ስለ ወደብና ስለ ባሕር በር ብዙ እንከራከራለን፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። ነገር ግን ወደብ ቢገኝ እንኳ ይህ ስሌት እስካልተነካ ድረስ፣ በሩቅ ባሕር የተጨመረ እያንዳንዱ ዶላር አገር ውስጥ ሲገባ መባዛቱን ይቀጥላል። ሸማኔው የክሩን ጭማሪ በነጠላው ላይ ልጨምር ቢል ገዢ ይሸሸዋል፤ ልቻለው ቢል የሚጎድለው ከድካሙ ዋጋ ነው። የባሕሩን ሰላም የሚወስኑት ሌሎች ናቸው፤ የቀረጡን ስሌት ግን የምንወስነው እኛ ነን፤ ማሻሻሉም ከዚህ ሊጀመር ይገባል።